ፋንግ የምታለቅሰው ለድራማ ብቻ ነበር

የፋንግን ሞት የሰማሁት ልጇ ሜይሊን ከላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ሐምሌ ነበር፤ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባበት ወር፣ ሦስተኛው የኮሮና ማዕበልም ከተማዋን አንቆ የያዘበት ጊዜ። «አንቲ ታዲ፣ ማሚ አረፈች» ትላለች ልጅቷ። «ሆስፒታል መግባት አልፈቀዱልኝም። ነገ አስከሬኗ ይቃጠላል። ሰው አይመጣም፤ ሊንክ እልክልሻለሁ።» ከኋላዋ የታክሲ ጡሩምባ ይሰማል። «ሶሪ አንቲ» ብላ ትዘጋዋለች።

በማግስቱ በተባለው ሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ስልኬ ፊት ተቀመጥኩ። በከተማው መብራት በተራ ይጠፋል፤ ተራው የኛ ሰፈር ነበርና ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ነገር እየዞረች ቆየች። ስትዞር ስትዞር ሰዓቱ አለፈ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ማን ዘንድ እንደምሄድ፣ ማንን እንደማጽናና አላወቅሁም።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ጴጥሮስ ከሞተ ወዲህ እጄ ቀርፋፋ ሆኗል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ቀናት ይፈጅብኛል። ቢሆንም ስለ እሷ ሌላ ማን ይጽፋል?

ፋንግ ፎርድስበርግ በሚባል የጆሃንስበርግ የንግድ ሰፈር ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እኔ ከሆሳዕና ከመምጣቴ በፊት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ፤ እዚህ ግን የሚያውቀኝ የስፌት መኪናዬ ነው። ፋንግ የሱቋን የመስኮት ጥግ ሰጠችኝ። እሷ ጨርቁን ትሸጣለች፣ እኔ ጠርዙን እሰፋለሁ። ጴጥሮስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ ነበረው። ሰኞ ሄዶ እዚያው እያደረ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ቸርች አብረን እንሄዳለን። ብዙ ዓመት እንዲህ ስለኖርን፣ ከባሌ ይልቅ የፋንግን ፊት አይቻለሁ ብል አልዋሸሁም።

አጭር ናት። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ባንክም ትሄዳለች። ጨርቅ በመቀስ አትቆርጥም፤ ጫፉን በጥርሷ ነከስ ታደርግና በሁለት እጇ ጨርሶ እስኪለያይ ትቀደዋለች። የዙሉ ደንበኞቿ «ማማ ቻይና» ይሏታል። «ሳውቦና ማማ!» ብላ ትቀበላለች፤ ዋጋ ላይ ሲከራከሯት ደግሞ «መስኮትሽን አሳንሺው እንጂ ጨርቁ ምን አደረገ?» ትላለች። እኔና እሷ የምንግባባው ሁለታችንም በማንችለው እንግሊዝኛ ነበር። የሁለታችንንም ስህተት ሁለታችንም ስለለመድነው ሌላ ሰው ሲገባበት ነበር የሚደናገረን። አንድ ቀን ዕድሜያችንን ቆጥራ እኩዮች መሆናችንን ስትደርስበት ጭኗን መታች። «ሁለታችንም የዘንዶ ዓመት ልጆች ነን!» አለች፤ በቻይኖች አቆጣጠር ዓመቱ በእንስሳ ይጠራል። «ዘንዶ እድለኛ ነው ይላሉ።» ዙሪያዋን ተመለከተችና «እድላችንን አየሽው?» ብላ ሳቀች።

ከጨርቁ ጥቅል በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረቻት። ጠዋት በሩ ሲከፈት ይከፈታል፣ በሩ ሲዘጋ ይዘጋል። የቻይና ድራማ ነው፤ አንዱ ሰባ ክፍል፣ ሌላው ሰማንያ። የሚያስለቅሳት ቦታ ሲደርስ ታቆመውና ትጠራኛለች።

«ታዲ፣ መርፌሽን አቁሚ። ይህችን ሴትዮ እያት። መርዝ ልትጠጣ ነው።»

«ለምን ትጠጣለች?»

«ንጉሡ ስለወደዳት።»

«ባይወዳትስ?»

«ያኔ ሌላዋ ታጠጣታለች።»

የቻይናን ታሪክ ከመጽሐፍ አልተማርኩም፤ የተማርኩት ከዚህች ቴሌቪዥን ሥር ነው። የቤተ መንግሥት ድራማ ሲበዛ፣ «ይሄ ስለ ድሮ ንጉሥ እንዳይመስልሽ፤ ቀድሞ ባሌ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው» ትለኛለች። አንድ ሰሞን እነዚያ ድራማዎች ከጣቢያው ተነሡ። «ምነው?» ብላት፣ «ሰው ከንጉሡ ይልቅ አሽከሮቹን ማየት ጀመረ» አለችኝ። ከጃፓን ጋር መንግሥታቸው የተኳረፈ እንደሆነ በስክሪኑ ላይ የጃፓን ወታደር ይበዛል፤ አንድ የቻይና ገበሬ በመጥረቢያ አሥሩን ይጥላል። «ዛሬ ደግሞ ምን ተባባሉ?» ትልና ዜና ትፈልጋለች። ወጣት ሳለች ከባሕር ማዶ ካለችው ደሴት በድብቅ የሚመጣ ካሴት ነበር፤ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ ስለ ፍቅር የምትዘፍንበት። ከዚያ በፊት እሷ የምታውቀው ዘፈን ሁሉ የሚጮኽ ነበር። «ሰው ቀስ ብሎ መዝፈን እንደሚችል ያወቅሁት በብርድ ልብስ ሥር ነው» አለችኝ።

በድራማው ታለቅሳለች። ለማታውቃት ቁባት፣ ለሐሰተኛ ንጉሥ፣ ፈረሱ ለሞተበት ወታደር ታለቅሳለች። አጠገቧ የሶፍት ጥቅልል አይጠፋም። ለራሷ ጉዳይ ግን እንባ አልነበራትም። ባሏ ሌላ ሴት ይዞ ደርባን የገባ ቀን የአንዲት ደንበኛ መስኮት ልትለካ ወጣች። ዘራፊዎች ሱቁ ገብተው የፊት ጥርሷን በሽጉጥ ሰደፍ የሰበሩ ቀንም ደሟን ጠርጋ፣ «ከእንግዲህ ጨርቅ በግራ በኩል ነው የምነክሰው» አለች። እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ደንበኛ ባልነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን ነገረችኝ። በድራማው ንጉሡ ሞቶ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ መሬት ላይ ተደፍቶ ይጮኻል። ፋንግ አቆመችው።

«ልጅ ሳለሁ መንግሥት የሚፈቅደው ኦፔራ፣ የሙዚቃ ተውኔቱ፣ በጣት የሚቆጠር ነበር» አለች። «ጠዋት በድምፅ ማጉያ እሱ፣ ቀን ትምህርት ቤት እሱ፣ ማታ ሜዳ ላይ በሸራ እሱ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። ጀግኖቹ ባል የላቸውም፣ ሚስት የላቸውም። አንዱ ሲሞት ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የቀሩት ጡጫቸውን ያነሣሉ። ሐዘናችሁን ወደ ጉልበት ለውጡ ነው የሚባለው። የሚያለቅስ የለም።»

«እኛም እኮ እንዲሁ ነበርን» አልኳት። በአብዮቱ ጊዜ በሆሳዕና ቀበሌያችን የሕፃናት ኪነት ውስጥ እንደነበርኩ፣ ካኪ ለብሰን ጡጫችንን እያነሣን እንደዘመርን ነገርኳት።

«ጡጫ? በየትኛው እጅ?»

«በግራ።»

«እኛ በቀኝ!» ብላ ብድግ አለች። «አሳዪኝ!»

ተነሣሁ። እሷ በቻይንኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ በጨርቁ መደርደሪያ መካከል እግራችንን እያነሣን ሄድን። ወገቤን ይዤ ስዞር አንዲት ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። «ኢየሱስ! ሁለት ያበዱ ጎጎዎች!» ብላ አጨበጨበች። ፋንግ እየሳቀች «አሮጊት ያልሽኝን ዋጋው ላይ እጨምርበታለሁ» አለቻት።

ሴትየዋ ስትሄድ ሳቃችን ቆመ። እኔ ቀጠልኩ። በዚያው ዘመን ልጇን የገደሉባት ጎረቤታችን እንዳታለቅስ፣ ጥቁርም እንዳትለብስ ተከልክላ ነበር። እናቴ ሳሙና የምትበደር መስላ ገብታ አጠገቧ ተቀምጣ ትመለሳለች። ፋንግ ሜትሩን በጣቷ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

«እናንተም?» አለች።

ከዚያ ስለ አባቷ አወራችኝ። በሻይ ቤት የጥንት ተረት የሚተርክ፣ በዱላና በማራገቢያ ብቻ ሠራዊት የሚያሰልፍ ሰው ነበር። ተረቱ የአሮጌው ሥርዓት ነው ተብሎ በሕዝብ ፊት ተዋረደ፤ ሽንት ቤት እንዲያጥብ ተመደበ፤ ሞተ። ስምንት ዓመቷ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለነበር እናቷ የልጆቹን አፍ በእጇ ይዛ ዋለች። በማግስቱ ፋንግ ትምህርት ቤት ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ጨፈረች።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ትልቁ መሪያቸው ሞቱ። ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ እንዲያለቅስ ታዘዘ። አስተማሪዎቹ በሰልፉ መካከል ይመላለሳሉ። ለፋንግ እንባ አልመጣላትም፤ ዓይኗ ደረቅ የሆነ ልጅ ደግሞ ይታያል። ከኋላዋ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ዌንዋ ክንዷን ቆነጠጣትና በጆሮዋ፣ «ለአባባ አልቅሺ። ማንም አያውቅም» አላት።

«አለቀስን» አለችኝ ፋንግ። «አስተማሪያችን ስሜን ጻፈች፤ ጥሩ ያለቀሰች ተማሪ ብላ። ሽልማት ሰጡኝ።»

ዌንዋ ውሃን ከተማ ይኖር ነበር። ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንዱን ድራማ እሷ እዚህ፣ እሱ እዚያ እያዩ በስልክ የድምፅ መልእክት ይሰዳደባሉ። «ምን አለ?» እላታለሁ። «ንጉሡ ደደብ ነው አለ፤ እኔንም ደደብ ነሽ አለኝ» ትለኛለች። ወረርሽኙ የተሰማ ጊዜ ለአዲስ ዓመታቸው ወደ እሱ ልትሄድ ትኬት ቆርጣ፣ ሻንጣዋን በቢልቶንግ፣ በዚህ አገር ቋንጣ፣ ሞልታ ነበር። ልትበር ስትል ከተማው ተዘጋ።

በዋዜማው የመንግሥታቸውን ትልቅ የበዓል ዝግጅት ሱቅ ውስጥ አብረን አየን። ታዋቂ ዘፋኞች ቀይ ለብሰው ይዘፍናሉ። ዌንዋ የዚያን ቀን በጣም እያሳለ፣ «ዘንድሮ ዘፈኑ አይረባም» የሚል መልእክት ላከ። ከዚያ መልእክቱ እያጠረ ሄደ። አልጋ ለማግኘት ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ወሰዱት። ፋንግ ጨርቅ ስትቀድ እንኳ ስልኳን ብብቷ ውስጥ ትይዘዋለች፤ ጠዋት ያየችውን የሆስፒታል ቪዲዮ ማታ ስትፈልገው ተሰርዞ ታገኛለች። «ነበረ፤ አይተሽዋል አይደል? አንቺም አይተሽዋል» ትለኛለች። አይቻለሁ። ማየቴ ግን ለማንም አልረባም።

ዌንዋ ሞተ። አንድም ዘመድ አጠገቡ አልነበረም። ልጁ የአስከሬኑን አመድ የተቀበለው ቆይቶ፣ ተሰልፎ፣ አጃቢ ተመድቦለት ነው፤ እንዳያለቅስ ሳይሆን እንዳይናገር።

ፋንግ አላለቀሰችም። ከሞተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ታዲ፣ አልመጣልኝም።»

«ምኑ?»

«እንባው። ድራማ ከፈትኩ፤ ድሮ የሚያስለቅሰኝን ክፍል ከፈትኩ። እሱም እምቢ አለ።» ደረቷን በጣቷ ነካች። «እዚህ ቆሟል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?»

ነገርኳት። ሰው ሲሞት ወንበር ይደረደራል፤ ሰው ይመጣል፤ ምንም ባይናገር ችግር የለውም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና ይቀመጣል፤ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። በጥሞና ሰማችኝ፤ መስኮት እንደምትለካ።

«ለማያውቁት ሰውም?»

«የሚያውቁት አንቺን ነው። ለቅሶው በእኔ ቤት ይሆናል» አልኳት።

ለጴጥሮስ ነገርኩት። «እሑድ ከቸርች በኋላ ይሁን፤ ወንበር አመጣለሁ» አለኝ። ከዚያ እሑድ በፊት ሎክዳውን ታወጀ። ከቤት መውጣት ተከለከለ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ ፋንግ ከሱቁ በላይ ፎቁ ላይ ባለው ቤቷ፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆንን፤ ጴጥሮስ ጻካኔ ቀረ። በስልክ «መቼ ነው?» ትለኛለች። «ሲከፈት» እላታለሁ። ሲከፈት ደግሞ ሰው ፈርቶ አይሰበሰብም። እንደገና ተዘጋ።

በዚያው ዓመት አገሯ ስለ በሽታው ድራማ ተሠራ። ሐኪሞቹ መልከ መልካም ናቸው፤ ጭምብላቸው እንኳ ያምርባቸዋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ፋንግ በደረቀ ዓይን እስከ መጨረሻው አየችው።

«ጥሩ ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው። ወንድሜን የሚጫወተው ግን የለም።»

በጥር ወር ጴጥሮስ ሞተ። ጻካኔ ታመመ፤ ሆስፒታል ስደርስ በር ላይ መለሱኝ። አገሩ ሆሳዕና እንዲቀበር ይፈልግ ነበር፤ አስከሬኑን የሚወስድ አውሮፕላን አልተገኘም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ሲያወርዱት እኛ ከሩቅ ቆመን አየን። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን ማን ያውቃል? ሌላ ሰው ቢሆንም ቀብሬዋለሁ።

ቤት ውስጥ የተፈቀደውን ያህል ጥቂት ሰው ተቀመጠ። በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ተራርቋል፤ ሁሉም አፉን ሸፍኗል። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ላምቦሬ ከጎኔ ነበሩ። የኛ ሰዎች ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሱ ይላሉ፤ ስለዚህ መዝሙር በዝግታ ይዘመራል፣ ጥቅስ ይነበባል፣ ዋይታ የለም። እኔም ዋይ አላልኩም። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ የራሴ አልመስል ብሎኝ አየው ነበር።

ፋንግ ገባች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። ልጇ ሜይሊን ከኋላዋ አለች። ፋንግ በሩ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ላይ ወረደችና ጮኸች።

እንዲያ ያለ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። መዝሙሩ ተቋረጠ። ደረቷን ትመታለች፤ በቋንቋዋ ትጣራለች፤ ጭምብሏ በእንባ ረጥቦ አፏ ላይ ተጣብቋል።

«ማሚ!» አለች ሜይሊን፤ ጎንበስ ብላ ብብቷን ያዘች። «ማሚ ፕሊስ፣ ሰው እያየ ነው። አንክል ጴጥሮስን እኮ ብዙም አታውቂውም!»

ከወዲያ ማዶ የተቀመጠች ሴት ለሌላዋ፣ «ምን ነክቷት ነው? ከሚስቲቱ ብሳ!» ስትል ሰማኋት።

ጋሽ ላምቦሬ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ለጴጥሮስ ምኑ ናት?»

«ምኑም አይደለችም ጋሼ» አልኳቸው። «ወንድሟ ሞቶባት ነው። አምና ነው የሞተው። እስከ ዛሬ የሚለቀስበት ቦታ አላገኘችም።»

ሽማግሌው ወደ ፋንግ ተመለከቱ። «በሽታው ነው?»

«በሽታው ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ዌንዋ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ወገኖች» አሉ፤ «እዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ሐዘንተኛ አለ። እኛ ለሞተ አንጸልይም፤ ለቀረች ግን እንጸልያለን።» የዌንዋን ስም በደንብ መጥራት አቅቷቸው ሁለቴ ሞከሩና ጸለዩ። ከዚያ ወደ ፋንግ ሄዱ። እጅ መጨበጥ ክልክል ስለነበር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። ሌሎቹም እየተነሡ ተከተሉ። «ያጽናሽ።» «ያጽናሽ እናቴ።» ያቺ ያንሾካሾከችውም ሴት ሄደች፤ እንዲያውም እሷ ናት መከልከሉን ረስታ ያቀፈቻት። ሜይሊን ምን እንደሚባል ስላላወቀች ለእያንዳንዱ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» ትላለች። ፋንግ ቀና እያለች ሁሉንም ፊት አየች።

ቆይቶ ድምፅዋ አለቀ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዝሙሩ እንደገና በዝግታ ተጀምሮ ነበር።

«አሁንስ ምን ይደረጋል?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ምንም። መቀመጥ ነው።»

«ሌላ የለውም?»

«የለውም ፋንግ። ይሄው ነው።»

ወንበሮቹን አየች፤ የተከፈተውን በር፣ የተሸፈኑትን አፎች አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ ጮኽ ብላ፣ ሁሉም እስኪሰማ ድረስ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ብቻ ከሆነ፣ ለምን ከለከሉን?»

ጋሽ ላምቦሬን አየኋቸው። እናቶች እንዳያለቅሱ የተከለከሉበትን ያን ዘመን እሳቸውም ያውቁታል። ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው ሰበሩ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።